ህንድኛ የሚችሉት ጋሼ አወል

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቀነዓ ሜልቦርን ውስጥ ማሪቢርኖንግ ካለ አንድ የባህል ማዕከል በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው እየቆጠረ ደስ ሲለው፣ ጋሼ አወል ሲመጡ አየና ደስታው እዚያው ደረቀ። ሽማግሌው ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸውን ወልውለዋል፤ አንድ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ በብብታቸው ይዘዋል። ቀነዓን ያስደነገጠው ውሃው ነው። ፊልም ሊያይ የሚመጣ ሰው ቆሎ ወይም ቺፕስ ይዞ ይመጣል። ውሃ ይዞ የሚመጣው ለመናገር የተዘጋጀ ሰው ነው።

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉት። «የህንድ ፊልም አለ ሲሉኝ እንዴት እቀራለሁ ብዬ መጣሁ።»

«የቤንጋል ፊልም ነው» አለ ቀነዓ። «ቋንቋው ቤንጋልኛ ነው፤ ህንድኛ አይደለም።»

«ያው ነው» ብለው ገቡ።

ያው ነው! ቀነዓ ብዙ ነገር ይንቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚንቀው ግን ይህን አነጋገር ነው።

ጋሼ አወልን የሚያውቃቸው ከአጋሮ ጀምሮ ነበር፤ እሳቸው ግን አያውቁትም። አጋሮ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ሃምሳ ሳንቲም የከፈለ ሁሉ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ፣ ማይክሮፎን የጨበጡ አወል አሉ። ፊልሙ የህንድ ነው፤ ተመልካቹ ህንድኛ አይችልም፤ እሳቸው ይችላሉ። ቦምቤይ ሦስት ዓመት ኖረዋል ይባል ነበር። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት እሳቸው ይናገራሉ፤ ተዋናይቷ ስታለቅስ ያለቅሳሉ፤ ዘፈን ሲጀመር ውሃ ይጠጣሉ። እቤቱ የሚነገረው ኦሮምኛ ስለነበር ቀነዓ አማርኛን ከትምህርት ቤት ይልቅ የለቀመው ከዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስታቲስቲክስ የሚያስተምረው መምህር ህንዳዊ ሆነ። ቀነዓ ሊያስደስተው ፈልጎ በልጅነቱ ሰባት ጊዜ ያየውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከለት፤ ሁለቱን ወንድማማቾች፣ ክፉውን አጎት፣ አጎትየው የመረዘውን የውሃ ጉድጓድ። መምህሩ በትሕትና ሲያዳምጥ ቆይቶ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ልጆቹ ጓደኛሞች እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። አጎት የሚባል የለም። በፊልሙ ውስጥ አንድም ጉድጓድ የለም። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ስለጣፈጠው ብቻ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ደገመው። ቀነዓ እስኪመረቅ ድረስ ስሙ «ጉድጓዱ» ሆኖ ቀረ።

እና እኚህ ሰው ዛሬ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሜልቦርን ድረስ ውሃቸውን ይዘው መጡበት።

ዛሬ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቀነዓ በሳምንት አምስት ቀን ላቨርተን ኖርዝ በሚገኝ መጋዘን ዕቃ ይለቅማል። ጆሮው ላይ የተሰካ ማሽን «መደርደሪያ አሥራ አራት፣ ሦስት ካርቶን» ይለዋል፤ እሱ «ሦስት» ብሎ ይመልሳል፤ ማሽኑ ቀጣዩን ይነግረዋል። ከገባ ጀምሮ እስኪወጣ ከቁጥር በቀር የሚናገረው ቃል የለም። የባህል ማዕከሉ ኃላፊ ፊዮና አንዱ ማኅበረሰብ የሌላውን ፊልም በገዛ ቋንቋው እንዲያይ የሚያደርግ ዝግጅት አስባ የአማርኛ ተርጓሚ ስትፈልግ፣ ሰባት ሰው ተወዳድሮ እሱ አለፈ። የዛሬው ሙከራ ነው። ተመልካቹ ከወደደው ስድስት ፊልም ይቀጥላል፤ ለቀነዓም በሳምንት ሁለት ቀን ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ሥራ ይሰጠዋል። ካልወደደው ማሽኑ ይጠብቀዋል።

አራት ሳምንት ለፋበት። ቤንጋልኛ ስለማይችል መነሻው የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ነበር፤ በዚያ ብቻ ግን አላመነም። ሱብራታ የሚባል ከቤንጋል ገጠር የመጣ የመጋዘን ባልደረባውን በየምሳ እረፍቱ አጠገቡ አስቀምጦ መስመር በመስመር ጠየቀው። ሰው ሁሉ «ሰብታይትል» የሚለውን እሱ «የግርጌ ጽሑፍ» ይል ነበር፤ ፊዮና ለበተነችው ማስታወቂያ ሳይቀር እንዲህ ብሎ ጻፈላት። ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው ምን እንደሚታይ ሳይገባው ቀረ እንጂ።

ፊልሙ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኒታይ የሚባል ሽማግሌ ረጅም የስዕል ጥቅልል ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል። ጥቅልሉን ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ስዕሉን በጣቱ እየነካ ታሪኩን ያዜማል፤ ሰዉም ሩዝ ይሰጠዋል። ሴት ልጁ ሽዩሊ የሞባይል ሱቅ የከፈተ ቢሹ የሚባል ወጣት ታገባለች። ከዚያ በኋላ መንደሩ ስልክ ላይ ያፈጥጣል፤ ሽማግሌውን የሚሰማው ፍየል ብቻ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ስልክ በታየ ቁጥር ቁራ ያስጮሃል፤ ሽማግሌው በታየ ቁጥር ዋሽንት ያስነፋል። ከተሜ ስለ ገጠር የሠራው ፊልም ለመሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

«እኛ መንደር እኮ ጥቅልል የሚያዜሙት ሰዎች ራሳቸው ስልክ አላቸው» እያለ ሱብራታ ይስቅ ነበር። «ደንበኛ የሚያገኙት በስልክ ነው።»

ቀነዓም ሳቀ። ቢሆንም የተናቀ ፊልም በደንብ መተርጎም የለበትም የሚል ሕግ የለም ብሎ እያንዳንዷን ቃል አሸ።

አርባ ሁለት ሰው ገባ። አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። ከፊት ረድፍ መሐል ላይ እትዬ ዋጋዬ ተቀመጡ፤ ከዌሪቢ በባቡርና በአውቶቡስ የመጡ፣ ማንንም የማይፈሩ ሴት ናቸው። ጋሼ አወል ከእሳቸው ኋላ ተቀመጡ። መብራቱ ጠፋ። ወንዙ ታየ፤ ዋሽንቱ ተነፋ፤ ከሥሩም የቀነዓ የመጀመሪያ መስመር ነጭ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ ዋጋዬ ጮክ ብለው።

«እታች ተጽፏል እትዬ» አለ ቀነዓ ከግድግዳው ሥር።

«መነጽሬን ረስቼ መጣሁ።»

«እኔም ረስቻለሁ» አለ አንድ ድምፅ። «እኔም» አለ ሌላ። በአንድ እሑድ፣ በአንድ አዳራሽ፣ ይህን ያህል መነጽር ሊረሳ አይችልም። ቀነዓ ያኔ ገባው። ግማሾቹ እንደ እሱ አማርኛን በጆሮ የለቀሙ ናቸው፤ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፣ ይቀልዳሉ፤ ፊደሉ ላይ ሲደርሱ ግን መነጽር ይረሳሉ። አራት ሳምንት ሙሉ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለውም ነበር። እናቱ ራሷ ፊደል አትቆጥርም።

«ጋሼ አወል» አሉ እትዬ ዋጋዬ ዞር ብለው፣ «እርስዎ ህንድኛ ይችሉ የለ? ይበሉ እንጂ!»

ጋሼ አወል ከውሃቸው ተጎነጩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህ ሰውዬ ኒታይ ይባላል» ብለው ጀመሩ። ስሙን እንኳ አወቁት፤ ከግርጌው ጽሑፍ ላይ አንብበውት ነው። «ያ በብብቱ የያዘው ጥቅልል ምን መሰላችሁ? የመሬቱ ካርታ ነው! ከአያቱ የወረሰው። ባንክ አያምንም፣ ማዘጋጃ ቤት አያምንም፤ ይዞት ይዞራል፤ በየመንደሩ ዘርግቶ ያሳያል፤ ‹ይህችን ዛፍ ታያላችሁ? የእኔ ናት። ይህን ወንዝ ታያላችሁ? ድንበሬ ነው። ምስክር ሁኑኝ!› እያለ።»

አዳራሹ «እህ» አለ።

ቀነዓ ጆሮውን ማመን አቃተው። ከሥር የእሱ ጽሑፍ «የእባቦችን እመቤት ታሪክ ስሙኝ» ይላል። ከላይ ጋሼ አወል መሬት ያስመዘግባሉ።

ቢሹ ስልኩን አውጥቶ ጥቅልሉን ሲቀርጽ ቁራው ጮኸ። በፊልሙ ውስጥ ልጁ የአማቱን ዜማ ኢንተርኔት ላይ ሊያወጣው ነው። «አያችሁት ይሄን ሌባ!» አሉ ጋሼ አወል ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ካርታውን ፎቶ አነሳው! ለዘመዶቹ ሊልከው ነው! ነገ ከነገ ወዲያ ‹መሬቱ የእኔ ነው፣ ይኸው ማስረጃው› ሊል ነው!»

«ወይኔ! ወይኔ!» አሉ እትዬ ዋጋዬ ደረታቸውን እየመቱ። «ልክ እንደኛው! ልክ እንደ ወንድሜ ልጅ! ‹እትዬ፣ ካርታውን በስልክ ላኪልኝ፣ ልየው ብቻ› አይደል ያለኝ!»

አዳራሹ ሳቀ፣ አጉረመረመ፣ ተሳደበ። አርባ ሁለት ሰው እስክሪኑ ላይ አፍጥጧል፤ አንድም ሰው ወደ ግርጌው አያይም። ጽሑፉ ተራ በተራ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ምንም ስህተት የለበትም፤ የፊልም ማሳያው አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናከለም። ባይሠራ ኖሮ ቢያንስ በእሱ ማሳበብ ይቻል ነበር።

ቀነዓ ጎንበስ ብሎ ሄዶ ጆሯቸው ላይ ተናገረ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲህ አይልም። ካርታ አይደለም፤ ስዕል ነው።»

«አነበብኩት» አሉ ሽማግሌው እስክሪኑን እያዩ። «አማርኛህ ያምራል። ለማን እንደጻፍከው ነው ያልገባኝ።»

«ለሚያነብ ሰው።»

«የታለ?»

ለእረፍት መብራቱ ሲበራ ቀነዓ ወደ ውጭ ወጣ፤ ጋሼ አወልም ጠርሙሳቸውን ይዘው ተከተሉት። ትራሙ ከፊታቸው እየተንቋረረ አለፈ።

«አጋሮ ሃምሳ ሳንቲም እየከፈልኩ እሰማዎት ነበር» አለ ቀነዓ። የሚንቀውን ሰው አንቱ እያሉ መናገር አድካሚ ነው፤ ቢሆንም አንቱታውን አላጓደለም። «የሁለቱን ወንድማማቾች ፊልም ሰባት ጊዜ አይቻለሁ። በኋላ ስሰማ ወንድማማቾች አይደሉም። ጉድጓድም የለም። አንድም ቃል ህንድኛ አይችሉም ነበር፤ ቦምቤይም አልሄዱም። አይደለም እንዴ?»

ጋሼ አወል አልተቆጡም። እንዲያውም ፊታቸው ፈካ። «ጉድጓዱ! ጉድጓዱን ታስታውሳለህ?»

«ሦስት ዓመት መጠሪያዬ ሆኗል።»

«ያን ሰሞን አጋሮ ውሃ ጠፍቶ ነበር። ሰው ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን ሲያሰልፍ አድሮ ነው ፊልም የሚገባው። ስለ ፍቅር ብነግረው ይሰማኛል? ጉድጓድ ጨመርኩበት። አንድም ሰው አልተነሳም።»

«ዛሬስ? መሬቱ ምንድን ነው?»

«እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ አገር ቤት የመሬት ክርክር ያለበት ነው። ዋጋዬ ካርታዋን በስልክ ልካ ቤቷን ልትነጠቅ ነው። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም፤ ወሬ እሰማለሁ።»

«ይህ ማጭበርበር ነው ጋሼ።»

«ነው» አሉ፤ ውሃቸውን ጠጡና ገቡ።

ይህ «ነው» ቀነዓን የበለጠ አናደደው። ቢክዱ ይሻለው ነበር። የሚያሳፍራቸው ነገር የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ ምን ይደረጋል፣ እያለ ቆሞ ሳለ ፊዮና ጉንጯ ቀልቶ እየሮጠች መጣች።

«ግሩም ነው!» አለችው። «እየሳቁ፣ እየጮሁ፣ እያለቀሱ! እንዲህ ያለ ተመልካች በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ያንተን ጽሑፍ ጮክ ብለው እያነበቡላቸው ነው አይደል?»

ቀነዓ አፉን ከፈተ። አይደለም ማለት ነበረበት። አይደለም ካለ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ታዲያ ያንተን ማን አነበበው? ጆሮው ውስጥ «መደርደሪያ አሥራ አራት» የሚል ድምፅ ሰማ።

«አዎ» አለ። «እያነበቡላቸው ነው።»

ሁለተኛውን ክፍል ከኋላ ቆሞ አየው። ሽዩሊ የአባቷን ጥቅልል ዝናብ አግኝቶት ቀለሙ ሲወርድ በቀሚሷ ጫፍ ስታደርቅ፣ ጋሼ አወል ዝም አሉ። አዳራሹም አብሯቸው ዝም አለ። ቀነዓ ዝምታቸውን ከሚንቃቸው ነገሮች ውስጥ ሊያስገባው ሞክሮ አልገባለት አለ፤ ተወው።

መጨረሻው ላይ ኒታይ ወደ ሞባይል ሱቁ ይገባል፤ ቢሹ በስልኩ ላይ የሽማግሌውን የገዛ ምስል ያሳየዋል፤ ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አይቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የግርጌው ጽሑፍ «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ» አለ። ቀነዓና ሱብራታ በዚህች መስመር ላይ ሁለት የምሳ እረፍት ጨርሰዋል።

«ምን አለው መሰላችሁ?» አሉ ጋሼ አወል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «‹ፎቶው አንተ ጋ ነው፤ መሬቱ ግን እኔ ጋ ነው!›»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እትዬ ዋጋዬ እልል አሉ።

መብራቱ ሲበራ ፊዮና የአስተያየት ቅጾቿን ይዛ መጣች። ሥራው የሚወሰነው በእነሱ ነው፤ አለቆቿ ሌላ አያዩም። መነጽሩን የረሳ ሁሉ መጻፍ ስለማይችል ተመልካቹ በአፉ እንዲናገር፣ ቀነዓ እንዲተረጉም፣ እሷ እንድትጽፍ ተስማሙ። ጋሼ አወል ኮታቸውን እየቆለፉ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ፋብሪካ ሠርተዋል፤ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ይህኛውን በእርግጥ ይችሉታል።

እትዬ ዋጋዬ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ዓይናቸው ገና አልደረቀም።

«ጻፍ» አሉት። «ያ ሌባ ልጅ መታሰር ነበረበት። ሳይታሰር ማለቁ አላስደሰተኝም። ከእንግዲህ ለማንም ቢሆን ካርታ በስልክ አልልክም። የወንድሜ ልጅ ይህን ፊልም ማየት አለበት። እሱን በተለይ ጻፍልኝ፤ ስሙም እንድርያስ ይባላል።»

«ምን አሉ?» አለች ፊዮና ብዕሯን አንስታ። «እያለቀሱ እኮ ነው።»

ቀነዓ እትዬ ዋጋዬን አየ። ያበጠ ዓይን፣ የተነካ ልብ፣ ጉልበት ላይ የተጨመቀ መሐረብ። ከዚያ ፊዮናን አየ። ምን መስማት እንደምትፈልግ ፊቷ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ለማንበብ መነጽር አያስፈልግም።

«የቆየ ጥበብ በአዲስ ነገር ሲዋጥ ማየት ልቤን ነካው ነው የሚሉት» አለ በእንግሊዝኛ። «የእኔንም አገር አስታወሰኝ። ወጣት ዘመዶቼ ሁሉ ሊያዩት ይገባል አሉ።»

«የግርጌውን ጽሑፍስ?»

«ግልጽ ነበር። ምንም አላስቸገረኝም አሉ።»

ፊዮና ጻፈች። ጋሼ አወል ሳል ቢጤ አሰሙ።

ሁለተኛው ሰውዬ ስለ ድንበር ችካል ተናገሩ፤ ቀነዓ ስለ ትውልድ ክፍተት ተረጎመ። ሦስተኛዋ ጠበቃ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠየቁ፤ ቀነዓ ስለ ቀለማቱ ውበት ተረጎመ። አራተኛው ላይ ሲደርስ መደናቀፍ አቁሞ ነበር። ሰዎቹ ሲቆጡ ድምፁን ጠንከር ያደርጋል፤ ሲተክዙ ዝቅ ያደርጋል፤ እነሱ ሲያርፉ እሱም ያርፋል። ጉሮሮው ሲደርቅ ከጎኑ የውሃ ጠርሙስ ተዘረጋለት። ሳያስበው ተቀብሎ ጠጣ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ፊዮና ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «ከእንግዲህ ጥርጥር የለም» አለች። «ሁለቱ ቀን ያንተ ነው። የሚቀጥለው ወር የቱርክ ፊልም ነው።»

«ፊቷን እያየህ ነው የተረጎምከው» አሉ ጋሼ አወል በአማርኛ፣ ጠርሙሳቸውን ከእጁ እየወሰዱ። ማላገጥ አልነበረበትም፤ ባለሙያ ባለሙያን የሚያመሰግንበት አነጋገር ነው። «ጥሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትቸኩላለህ እንጂ።»

ለቀነዓ ከዚህ ምስጋና «ጉድጓዱ» ይሻለው ነበር።

«ቱርክ ነው ያለችው?» አሉ ሽማግሌው ወደ በሩ እየሄዱ።

«አዎ።»

«ግድ የለህም። ቱርክኛ እችላለሁ።»

«ምን አሉ?» አለች ፊዮና።

ቀነዓ ግራጫው ኮት በሩን አልፎ እስኪሰወር ድረስ ተከትሎ አየው።

«ለሚቀጥለው ምን እንደሚያስፈልገን እየነገሩኝ ነው» አላት።

«ምን ያስፈልጋል?»

«ማይክሮፎን።»